ተራ ጠባቂ ሳንሰይም ከቤት አንውጣ

ውድ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣

በጋው ስለገባ ብዙዎቻችን ቤተሰብ ይዘን ወደ ባሕሩ ዳር የብሉግራስና የቢራ በዓል መሄዳችን አይቀርም። መሄዱ ደግ ነው። ብሉግራስን ቢል ሞንሮ የተባለው የኬንተኪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1939 ከናሽቪል ሬዲዮ ያሰማው ጀመር፤ ባንጆውን ግን ወደ አሜሪካ ያመጡት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ልጆቻችን ይህን ከእኛ ይስሙ። በየቤቱ የሚጠመቅ መጠጥም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ጌሾና ብቅል ሲደባልቁ እያየን ያደግን አይደለን እንዴ!

ነገር ግን አምና የሆነውን አንርሳ። የአንዱ ጎረቤታችን የ5 ዓመት ልጅ ከሕዝቡ መሐል ጠፍታ ብቻዋን ውኃው አፋፍ ላይ ተገኘች። እናት «ከአባቷ ጋር ናት» ብላ፣ አባትም «ከእናቷ ጋር ናት» ብሎ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። በትንንሽ ብርጭቆ የሚቀመሰው ቢራ ግን ሲደማመር ብዙ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ልጅ የሚጠብቅና መኪና የሚነዳ አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰይም። እሱም ለዚያ ቀን ጠብታ አይቅመስ። በሚቀጥለው ተራው ይለወጣል፤ ማንም አይቀርበትም።

መልካም በዓል!