ጥርስ ለማማር ብቻ ነውን?

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር በሚወርደው በቸርችል ጎዳናና በአራዳ አካባቢ የሚመላለስ ሰው፣ ነጭ ጥርስ የተሳለበት የሐኪም ቤት ማስታወቂያ ማየቱ አይቀርም። ገንዘብ ያለው ገብቶ የልጁን ጥርስ በሽቦ ያሳስራል፤ የሌለው ማስታወቂያውን አንብቦ ያልፋል። ይህ ልዩነት የዕድል ጉዳይ ነው ወይስ ሕግ ሊመለከተው የሚገባ? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ለደመወዝተኛው ታወጀ፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ። ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሕዝብ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል። ከማይሸፈኑት መካከል ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና ለውበት የሚደረግ ሕክምና ይገኛሉ።

ክርክር የምታስነሣው «ለውበት» የምትለው ቃል ናት። ሐኪሞች ብሬስ የሚሉት የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ከዚህች ቃል ሥር ለመውደቅ በጣም ቅርብ ነውና። «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ስለሚስቅ። ደንብ አውጪዎቻችን ግን ተረቱን ቃል በቃል የወሰዱት ይመስል ጥርስን ለአካል ባዳ አድርገውታል።

በእርግጥ ከመስመር የወጣ ጥርስ ሁሉ በሽታ አይደለም። ፍንጭትማ በእኛ ዘንድ የቁንጅና ምልክት ነው፤ ዘፋኝ ያሞገሰው ፍንጭት በሕዝብ መዋጮ ይዘጋ የሚል የለም። ዳሩ ግን ላይኛውና ታችኛው ጥርሱ አልገጥም ብሎ ማኘክ የተቸገረ፣ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ፣ ክራንቻው አጥንት ውስጥ ተቀብሮ የጎረቤቱን ጥርስ ሥር የሚበላበት ልጅ የሚሻው ቁንጅና አይደለም። የፊት ጥርሱ እጅግ ወደ ውጭ ያፈነገጠ ልጅም ሲወድቅ ጥርሱ የመሰበሩ ዕድል ከእኩዮቹ የበለጠ ነው። ከዚህም ሌላ የሕፃናትን ግግ መንቀል የሚባለው ጎጂ ልማድ ከድድ ሥር ያለውን የክራንቻ ቡቃያ እየጎዳ፣ ቋሚው ጥርስ ተጣሞ እንዲወጣ ወይም ጨርሶ እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል። በሕፃንነቱ ሌሎች ባለማወቅ ያደረሱበትን ጉዳት ሊያሳክም የመጣውን ልጅ «ውበት ፈለግህ» ብሎ መመለስ ፍርድ ነውን?

ሕክምናውን ከውበቱ ማን ይለየዋል ቢባል፣ ሌሎች በሚሊሜትር ለክተው ለይተውታል። በእንግሊዝ አገር በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው መለኪያ የሕክምናውን አስፈላጊነት በ5 ደረጃ ይከፍላል፤ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ከ9 ሚሊሜትር በላይ ከቀደመ 5ኛ ደረጃ ነው። የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት 4ኛውንና 5ኛውን፣ ከ3ኛውም ከፊሉን ይሸፍናል። በጀርመንም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ባለ 5 ደረጃ መለኪያ መሠረት ከ3ኛው ጀምሮ ያለው ለልጆች ይከፈላል። ቀላሉን ግን ሁለቱም ለባለቤቱ ኪስ ትተውታል።

«በጤና ጣቢያው መድኃኒት እየጠፋ ስለ ሽቦ ታወራላችሁን?» የሚለን ጓደኛ ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ አንሸሸውም። የወባና የወሊድ ሕክምና መቅደም አለበት። ሽቦውም ባንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ያህል ክትትል ይጠይቃል፤ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ነገር ግን «ሣጥኑ ባዶ ነው» ማለትና «ጉዳቱ ጉዳት አይደለም» ማለት የተለያዩ ናቸው። «ገንዘብ የለኝም» ያለ መንግሥት፣ ገንዘብ ሲገኝ ተመልሰን ልንጠይቀው እንችላለን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41(4) ለጤና የሚመደበው ሀብት እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። «ውበት ነው» ያለ ግን የጥያቄውን በር ለዘለዓለም ዘግቶታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ደንቡ ሕክምና የሆነውን ጥርስ ማስተካከል ከውበት ለይቶ በስሙ ይጥራው። ሁለተኛ፣ በአገራችን ባለሙያዎች የተዘጋጀ የደረጃ መለኪያ ይኑረው፤ ለክቶ የሚፈርደውም ሐኪም ገንዘቡን ከሚቀበለው የተለየ ይሁን። ሦስተኛ፣ ላንቃቸው ተሰንጥቆ ከተወለዱትና መብላት ከተቸገሩት ልጆች ተጀምሮ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ወደ ሌሎቹ ይስፋ።

በጥቁር አንበሳ የምትማሩ የሕክምና ተማሪዎች መለኪያውን አጥኑ፤ የሕግ ተማሪዎች አንቀጹን አርቅቁ። የቃልን ትርጉም መመርመር የእኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ድርሻ ነውና፣ «ውበት» የምትለዋን ቃል እኛ ጀምረናታል። ማኅበራችንም ሦስቱን አንድ አድርጎ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያቅርብ።