ሕዝብን በክፉ ቀኑ ስም መጥራት

በወሎ፣ ግራና ላይ ሰው የሞተ እንደ ሆነ፣ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር ጠሪ ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ድምፁን በለቀቀ ጊዜ፣ በመስኖው ዳር ሽንኩርቱን የሚኰተኩተው፣ በማሽላው ማሳ ከማማው ላይ ተቀምጦ ወፍ የሚጠብቀው፣ አህያውን ጭኖ ወደ መርሳ ገበያ የተነሣውም ሁሉ የያዘውን ትቶ ወደ ለቅሶው ቤት ያቀናል፤ ሟቹ እስላም ቢሆን ክርስቲያኑ ጎረቤት መቃብሩን አብሮ ቈፍሮ ሶላቱ እስኪሰገድ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ክርስቲያን ቢሆን ደግሞ እስላሙ አስከሬኑን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ያደርስና ፍትሐቱ እስኪፈጸም ከደጀ ሰላሙ ውጭ ይጠብቃል። ያለ ምክንያት የቀረ ሰው በቅሬው ዳኛ ፊት ቆሞ መቀጫውን ይከፍላል፤ አልከፍልም ብሎ ልቡን ያደነደነ እንደ ሆነ ግን ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣም ሰው እሳት የሚያስጭረው፣ በሬ የሚያውሰው፣ በመጨረሻም ዐፈር የሚያለብሰው ያጣል። ዘበኛና ወኅኒ የሌለበት ይህ ሥርዓት በወሎ ምድር መንግሥት ሲለዋወጥ እርሱ ሳይፈርስ ኖሯል።

ይህ ነገር ወደ ልቡናዬ የመጣው ከእኛ እጅግ ርቀው በብራዚልና በቬኔዙዌላ ወሰን፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ ምንጭ አካባቢ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ስለሚኖሩት ስለ ያኖማሚ ሕዝብ በማነብበት ጊዜ ነው። ቍጥራቸው ከሠላሳ ሺህ የሚበልጠው እነዚህ ሰዎች ሻቦኖ በሚባል፣ እንደ ቀለበት የከበበና መካከሉ ለሰማይ ክፍት በሆነ ታላቅ መጠለያ ሥር በማኅበር ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየምድጃው ዙሪያ የገመድ አልጋውን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ያንጠለጥላል እንጂ በእርሱና በጎረቤቱ መካከል ግድግዳ የለም። አዳኙ ራሱ የገደለውን አውሬ ሥጋ አይበላም፤ ለሌላው ሰጥቶ እርሱ ሌላው ያደነውን ይበላል። አለቃቸውም ቢሆን ይመክራል፣ ይናገራል፣ ራሱ ቀድሞ ሥራውን ይጀምራል እንጂ ማንንም አስገድዶ ማሠራት አይቻለውም። የቅሬ ዳኛ የሆነ የግራና ሽማግሌ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ የእርሱም ሥልጣን ከአንደበቱና ከማኅበሩ ይሉኝታ በቀር ሌላ በትር የለውምና።

በሞት ነገር ግን መንገዳችን ይለያያል። እኛ የሟቹን ስም እየጠራን፣ ደግነቱን እየዘረዘርን እናለቅሳለን፤ በተዝካሩና በሰደቃውም ስናነሣው እንኖራለን። ያኖማሚ ግን ሬሳውን በእሳት አቃጥለው፣ ዐጥንቱን ወቅጠው፣ ዐመዱን ከሙዝ ሾርባ ጋር ቀላቅለው፣ ረአሁ በሚባለው ታላቅ ግብዣ ከወዳጅ መንደር የተጠሩት እንግዶች ባሉበት ይጠጡታል፤ ከዚያ ወዲያ የሟቹን ስም በዘመዶቹ ፊት ማንሣት ብርቱ ነውር ነው። ይህን አንብቦ የሚሰቀጥጠው አይጠፋም፤ ያኖማሚውም ወዳጃችንን ዐፈር አልብሰን፣ ለምስጥ ትተነው መመለሳችንን ቢያይ እንዲሁ ሳይሰቀጥጠው አይቀርም። በሁለታችንም ዘንድ ግን ጎረቤት ሳይጠራ ሐዘን አይፈጸምም።

ከዚህ ሁሉ የያኖማሚ ሥርዓት ዓለም የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ናፖሊዮን ሻኞን እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ እነርሱ ገብቶ በ1968 ያሳተመውን መጽሐፍ በንኡስ ርእሱ «ቁጡው ሕዝብ» ብሎ ጠራው፤ መጽሐፉም የተማሪዎች ማንበቢያ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ስለ ኖረ፣ ቃሉ ከኋለኞቹ እትሞች ርእስ ላይ ቢነሣም ከሕዝቡ ላይ አልተነሣም። ያኖማሚ እንደሚጣሉ፣ አድፍጠው እንደሚገድሉ፣ ሴቶችንም እንደሚማርኩ እውነት ነው፤ ይህን መካድም ሌላ ሐሰት ነው። ነገር ግን ልብ ላለው አንባቢ በዚያው በሻኞን ጽሑፍ ውስጥ ጠባቸው እርከን እንዳለው ተገልጧል፦ መጀመሪያ ሁለቱ ባላጋራዎች ሰው ሁሉ እያየ በተራ ደረት ለደረት ይደቃቃሉ፤ ያ ያላበረደው እንደ ሆነ ጎን ጎናቸውን በእጅ ይመታታሉ፤ ከዚያም በረዥም ዱላ አናት ለአናት ይገናኛሉ፤ ቀስት የሚነሣው ይህ ሁሉ ከከሸፈ በኋላ ነው። ቁጣውን እንዲህ በደረጃ የሚያስር ሕዝብ ቁጡ ተብሎ መጠራቱ ይገርመኛል። ብሪያን ፈርጉሰን የተባለ ሌላ ሊቅም በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጦርነታቸው የሚበረታው ከባዕዳን እጅ በሚገኘው የብረት መጥረቢያና ገጀራ ምክንያት በሚነሣው ፉክክር ነው ሲል ተከራክሯል።

ስም ግን ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ወርቅ ፈላጊዎች በአሥር ሺህዎች እየሆኑ ወደ ደኑ ሲጐርፉ፣ የብራዚል የሥነ ሰብእ ሊቃውንት ማኅበር ይህ የቁጡነት ስም የያኖማሚን ምድር ቈራርጠው ሊያከፋፍሉ ለሚሹት ማመካኛ እየሆነ ነው ብሎ ጮኸ። በብራዚል ወሰን ውስጥ ያለው፣ ከዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ሄክታር የሚበልጠው ምድራቸው በ1992 በሕግ ቢከበርም፣ በማግሥቱ ዓመት ሐሺሙ በምትባለው መንደር ወርቅ ፈላጊዎቹ ሴቶችንና ሕፃናትን ሳይቀር ፈጁ፤ በጥር 2023ም የብራዚል መንግሥት በዚያ ምድር የጤና አስቸኳይ ጊዜ እስከ ማወጅ ደረሰ። ለወርቅ ፈላጊው ማንም የቁጡነት ስም አላወጣለትም።

ወሎን ያገኛት ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የረኃብ ፊልም፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተላለፈው የማይክል በርክ ዘገባ ለተራበው ወገን ርዳታ እንዳስገኙ አልክድም። ሆኖም ካሜራው የሞተውን አሳየ እንጂ የቀበረውን አላሳየም፤ ከዚያም ወዲህ ወሎ ለባዕድ ጆሮ የረኃብ ሌላ ስም ሆነች፤ የእኛም ሰው ግማሹ እያዘነ፣ ግማሹ እየቀለደ ስሙን ተቀበለ። ዛሬ የግራና ሸለቆ በመስኖ ለምቶ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ሲሸጥ፣ በዚያው በሐብሩ ወረዳ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም «ግራና-1» የሚባል የማሽላ ዝርያ አውጥቶ ሳለ፣ ይህን የሚያወራ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሳይታወቅ የቀረው ደም የሚደርቅበት መንገድ ነው። በድንበር፣ በግጦሽ ወይም በውሃ ምክንያት ነፍስ ከጠፋ ገዳዩ ይሸሻል፤ ወገኑም ከገበያና ከወንዝ ይቀራል። ያን ጊዜ በዘር የሚወረስ በረካ አላቸው ተብሎ የሚታመንባቸው፣ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ፤ የሟች ወገን መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ እምቢ ማለቱም ለሟቹ ክብር ነውና ማንም አይቀየመውም። እነርሱም ደግመው ይመላለሳሉ። ቡናው ተፈልቶ ዱአው ከተደረገ፣ ካሳው ተቈርጦ ከብቱ ታርዶ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ ከበሉ በኋላ ደሙ ደረቀ ይባላል። ያኖማሚም እንግዳና ባለቤት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ በዜማ የሚነጋገሩበት፣ ቂም በቃል የሚወጣበት ዋያሙ የሚባል ሥርዓት አላቸው።

እንዲህ ያለው ልማድ በመንግሥት ሕግ ፊት ያለው ቦታ ግን ጠባብ ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3347 በያዛቸው ጉዳዮች ላይ የቀድሞውን ልማድ ሽሮት ነበር፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለቤተሰብና ለግል ጉዳይ በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ቦታ መለሰለት፤ የነፍስ ጉዳይ ግን ለወንጀል ሕጉ ብቻ ቀረ። ነፍሰ ገዳይ በከብት ካሳ ይለቀቅ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ቅጣት የመንግሥት ነው። ግን የእርቁ ቃል ተጽፎ ከመዝገቡ ጋር ቢያያዝ፣ ታሳሪው ወደ ቀዬው ከመመለሱ በፊት አበጋሮቹ ቢጠየቁ፣ በጉባኤያቸውም እስከ ዛሬ ከዳር ተቀምጣ የምታለቅሰው የሟች እናት ድምፅ ቢሰማ ፍርድ ቤቱ የሚያጣው ነገር የለም። ዐሥር ዓመቱን ጨርሶ ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው መርሳ መናኸሪያ ሲወርድ፣ ሊቀበለው የመጣው ወንድሙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግረው ስለ ቤቱም ስለ ከብቱም አይደለም፤ ደሙ መድረቁን ወይም አለመድረቁን ነው፤ ካልደረቀም ሰውየው ወደ ግራና ሳይዘልቅ በመጣበት መኪና ይመለሳል።