ስልኩ መሬት ላይ፣ እጁ ደረት ላይ

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ዴንማርክና ፊንላንድ ኮፐንሃገን ላይ ሲጫወቱ ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ተዘረረ። ልቡ ቆሞ ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ካሜራ እንዳያየው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ከበቡት። በዚያ ክብ ውስጥ ሐኪሞች ደረቱን እየተጫኑ፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያም ታግዘው ልቡን መለሱት። ከስምንት ወር በኋላ ለብሬንትፎርድ ተሰልፎ አየነው።

እኛም ሰው ሲወድቅ እንከባለን። ፊታችን ግን ወደ ውስጥ ነው፤ ስልካችንም ተቀስሯል። አንዱ ውሃ ይደፋበታል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል፣ "አየር ስጡት!" ባዩ ደግሞ ራሱ ንቅንቅ አይልም። ቲክቶክ ላይ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣብኝ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ርዝመቱ ነው። ልብ ከቆመ አራት ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። በአዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ የትኛው አምቡላንስ ነው በአራት ደቂቃ የሚደርሰው?

ስለዚህ ትከሻውን ነቅንቃችሁ ጥሩት። ካልመለሰና ካልተነፈሰ፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ እንደ ማንኮራፋት ካደረገው (ይሄ ብዙ ሰው ያታልላል፣ ትንፋሽ አይደለም) ወደ ቀይ መስቀል 907፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ 939 ደውሉ። ላውድ ስፒከር አድርጋችሁ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጡት። ሰውዬውን በጀርባው አስተኙት፤ የአንድ እጃችሁን መዳፍ ደረቱ መሐል፣ ሌላውን ከላዩ አድርጉ፤ ክርናችሁን ሳታጥፉ በኃይል ተጫኑ። ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ይውረድ፣ ከዚያ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ያደክማል፣ በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ።

አፍ ለአፍ መተንፈስስ? የሠለጠነ ሰው ከ30 ጭነት በኋላ ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል። ካልሠለጠናችሁ ወይም ከቀፈፋችሁ ዝም ብላችሁ ተጫኑ፤ ድንገት ለወደቀ አዋቂ እሱም ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ የሰጠመ ሰው ወይም ልጅ ሲሆን ግን ይለያል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያጣው አየር ስለሆነ ትንፋሹ ያስፈልገዋል። ቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ የምትወርዱ፣ ይቺን ያዙልኝ።

"የጎድን አጥንቱ ቢሰበርስ?" ሊሰበር ይችላል፤ አጥንት ይጠገናል። ይበልጥ እጃችንን የሚያስረው "ፖሊስ አንተ ነህ ቢለኝስ?" የሚለው ነው። ፍርሃቱን አልንቀውም። ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 የሚቀጣው፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወውን ነው።

የኔ ጥያቄ ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። ዴንማርክ ሲፒአርን እ.ኤ.አ. በ2005 ለትምህርት ቤቶች፣ በ2006 ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናን መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ግዴታ አደረገች። እዚያ ከ2001 እስከ 2010 ልባቸው ከሆስፒታል ውጭ ቆሞ ከአላፊ አግዳሚ ሲፒአር ያገኙ ሰዎች ከ21 በመቶ ወደ 45 በመቶ ገደማ ከፍ አሉ፤ ለ30 ቀን በሕይወት የቆዩትም ድርሻ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፤ ሥልጠናው ግን አንዱ ነው። ለእኛ ተማሪዎች መነሻ የሚሆን አንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማግኘት ከባድ አይመስለኝም፤ መለማመጃ አሻንጉሊት ከጠፋ ጠንካራ ትራስም ይሠራል። እስከዚያ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ የሠፈር ኳስ ቡድን ካላችሁ ሁላችሁም አንድ ላይ ሂዱ፣ በረኛውም ጭምር።