እናት አባታችሁን ማኅበር አድርሷቸው

የልጅ ልጅ ልናሳድግ ሜልበርን የመጣን አያቶች ቀኑን የምንገፋው ከአራት ግድግዳ ጋር ነው። ልጆቻችን ሥራ ይውላሉ፤ እኛ መንገዱንም ቋንቋውንም አናውቅም። እኔን ከቤት ያወጡኝ ፉትስክሬይ እንጀራ ስገዛ ያገኘኋቸው አንዲት የአስመራ እናት ናቸው። ማተቤን አይተው፣ «የት ነው የሚያስቀድሱት?» አሉኝ።

ወደ ማኅበራቸውም ወሰዱኝ፤ ዛሬ ወር በገባ በ21 የማርያምን ጽዋ ከማኅበርተኞቹ ጋር አብረን እንጠጣለን። ድፎው ኮባ አጥቶ በወረቀት ላይ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጋገራል፤ ተባርኮ ሲቆረስ ግን ያው ጸበል ጸዲቅ ነው። ጎንደሬዋም ወላይታዋም ከአንድ ጽዋ ይቀምሳሉ። ስታመም አጥሚት ይዘው የደረሱልኝ እነዚህ ናቸው፤ ትናንት የማላውቃቸው!

ሐኪምና መድኃኒት አልጎደለንም፤ የጎደለን አብሮን «አሜን» የሚል ሰው ነው። ልጆቼ፣ ለሥራ የምትነዱትን መኪና በወር አንድ ቀን ለእናት አባታችሁ አውሉት።