የፓርላማ ወንበር ያገኘው ሕዝብና ትምህርት ቤት ያልገባው ቋንቋው

በምሥራቅ ጋና፣ በቶጎ ድንበር አቅራቢያ፣ በአክፓፉና በሎሎቢ ኮረብታማ መንደሮች የሚኖረው ሕዝብ ሲዉ የተሰኘ ቋንቋ ይናገራል። አክፓፉዎች በሩዝ እርሻቸው የታወቁ ናቸው፤ በቀደመው ዘመንም ብረት ያቀልጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኦቲ ክልል ሲመሠረት እነዚህ መንደሮች ከጎረቤቶቻቸው ከሳንትሮኮፊና ከሊክፔ ጋር ከቮልታ ወደ አዲሱ ክልል ተዛወሩ። የምርጫ ክልላቸው ግን በጊዜው አልተዘጋጀላቸውም። በ2020 ምርጫ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ቢሰጡም የፓርላማ ተወካይ መምረጥ አልቻሉም፤ አራት ዓመት ያለ እንደራሴ ቆዩ። በ2024 የጉዋን የምርጫ ክልል የመጀመሪያ ተወካዩን መረጠ።

የአስተዳደር ስሕተት በሕግ ይታረማል፤ የቋንቋ መሸርሸር ግን የምርጫ ቀን የለውም። ሲዉ የጋና መንግሥት ለትምህርት ከመረጣቸው ቋንቋዎች መካከል አይገኝም። የትምህርት ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛና ኤዌ ናቸው፤ ኤዌ ከሌላው ማኅበረሰብ ጋር መግባቢያም ነው።

ሲዉ የነገርን ድምፅ፣ መልክና እንቅስቃሴ በአንድ ቃል በሚስሉ ገላጮች የበለጸገ በመሆኑ የቋንቋ ተመራማሪዎችን ስቧል። እነዚህ ቃላት በዋናነት የሚኖሩት በመጽሐፍ ሳይሆን በሥራና በጨዋታ መካከል በሚደረግ ወግ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወጣቱ መንደሩን ለቅቆ ወደ ከተማ ሲሄድ ከማሳው ጋር ቃላቱ የሚነገሩበትን ስፍራም ይለያል።

የፓርላማው ወንበር ለሕዝቡ መናገሪያ ሰጥቶታል። ሲዉ በመጀመሪያ ክፍሎች እንዲሰጥ መጠየቅ ደግሞ ወንበሩ ሊውልባቸው ከሚገቡ ተግባራት አንዱ ነው።