የጠመንጃ ጀርባ ለምን ቀዳዳ አስፈለገው?

በበጋ ወራት ቀትር ላይ፣ በዘነበወርቅ በኩል በሚያልፈው የቀለበት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ራቅ ብሎ ያለው አስፋልት ውሃ የፈሰሰበት መስሎ ሲብለጨለጭ፣ ከወዲያ የሚመጡትም ታክሲዎች ጎማቸው ሲርገበገብ ይመለከታል። ሲቀርቡት ግን ውሃ የለም። በፀሐይ የጋለው አስፋልት በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ይሳሳል፤ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት አየር የሚሻገር ብርሃንም መንገዱን ያጥፋል። ተማሪዎቻችን ስብረተ ብርሃንን አይተውት በማያውቁት በረሃ ምሳሌነት ከሚማሩ ይልቅ፣ በየዕለቱ በሚረግጡት አስፋልት ቢማሩት በዚህ ጸሐፊ እምነት ይሻላል።

አሁን ይህንኑ አስፋልት ወደ 70 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የጠመንጃ አፈሙዝ አድርገን እናስበው። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ብረቱ ይግላል፤ በላዩ ያለው አየርም እንደ አስፋልቱ አየር ይርገበገባል። አነጣጣሪው ደግሞ የሚያየው በዚያው አየር ውስጥ አሻግሮ ነው።

ለወፍ አደን የሚያገለግለው የጥንቱ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለት የብረት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተጋድመው የተጣመሩበት ነው። በመካከላቸው ከላይ የተበየደው ረጅም ዝርግ ብረት ሪብ ይባላል፤ ዓይን ወደ ኢላማው የሚሄደው በእርሱ ላይ ተንሸራቶ ነው። የእንግሊዝ አንጥረኞች ይህን ሪብ በአብዛኛው ድፍንና ዝቅ ያለ አድርገው ይሠሩት ነበር። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን ፓርከርን የመሰሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከቱቦዎቹ ከፍ ብሎ በአጫጭር እግሮች የቆመ፣ ከሥሩ ነፋስ የሚያሳልፍ ሪብ ለገዢ ማቅረብ ጀመሩ።

ነፋስ አሳላፊው ሪብ «ጠመንጃውን ያቀዘቅዛል» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ እውነቱን በግማሽ እንኳ አይነካም። ሙቀቱን የያዘው ወፍራሙ ቱቦ ነው፤ በጥቂት እግሮች ብቻ የሚነካው ቀጭን ብረት ከዚያ ሙቀት የሚያወጣው እጅግ ጥቂት ነው። የሪቡ እውነተኛ ሥራ ሌላ ነው፤ ይኸውም ዓይን የሚንሸራተትበትን ገጽ ከጋለው ብረት ማራቅና የሞቀው አየር በጎን እንዲበተን መንገድ መስጠት ነው።

ለመሆኑ ይህ ለአዳኙ ምን ያህል ይጠቅመዋል? እናስላው። በባሕር ጠለል ከፍታ የአየር የስብረት ቁጥር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.00027፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 1.00024 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከአፈሙዙ በላይ ባለው አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢከሰትና ብርሃኑ 70 ሳንቲ ሜትሩን በዚያ ውስጥ ቢጓዝ፣ በ36 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ኢላማ ከቦታው የተንሸራተተ የሚመስለው በ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ በሆነባት አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። የእርሳሱ ፍሬዎች ግን በዚያ ርቀት ሲደርሱ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ክብ ይሸፍናሉ! ይህም ሆኖ የተሰላው የከፋው ሁኔታ ነው፤ ሁለት ጥይት ተኩሶ ቆቋ እስክትነሣ ድረስ ረጅም መንገድ የሚሄድ አዳኝ አፈሙዙን እስከዚህ አያግልም። በውድድር ሜዳ በተከታታይ መቶ የሸክላ ኢላማ የሚተኩስ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። እርሱን የሚያስቸግረው የኢላማው መንሸራተት ብቻ ሳይሆን የምስሉ መደብዘዝ ስለሆነ ቀዳዳው ሪብ በእርግጥ ይረዳዋል።

ስለዚህ በጎን ለጎኑ የአደን ጠመንጃ ላይ ነፋስ አሳላፊ ሪብ ከፍላጎት ይልቅ የፋሽን ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቀድሞዎቹ አንጥረኞች የተዉት ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። እግሮቹ በግጭት ይጎብጣሉ፣ ከሥሩ ዝናብና አቧራ ይጠራቀማል።

ነገሩ ከፋሽን አልፎ ጉዳት የሚሆነው ግን ከአያት የተላለፈን ጠመንጃ «ላሻሽል» በሚል ሰው እጅ ሲገባ ነው። ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ በመጣባት አገራችን፣ አሮጌ መሣሪያ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ታሪክ ነው። የጥንቶቹ ቱቦዎች ከሪቡ ጋር የተያያዙት በአብዛኛው የሬዲዮ ጠጋኞቻችን «ሊድ» በሚሉት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ሲሆን፣ ይህ ቅልቅል ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል። አዲስ ሪብ ለመትከል የብየዳ እሳት የሚያስጠጋ ሰው የአንጥረኛውን መጋጠሚያ ሁሉ ይፈታዋል፤ ሁለቱ ቱቦዎችም አንድ ኢላማ ላይ እንዲገናኙ የተለካው አቅጣጫቸው ይዛባል። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ እንዳለ መተው ይሻላል።

የሪቡን ሥራ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ግን ጠመንጃ አያስፈልገውም። አንድ ረጅም ላሜራ በከሰል ምድጃ ላይ ያግልና፣ ሳይነካው በገጹ ላይ አሻግሮ በወዲያኛው ግድግዳ የተለጠፈ ጽሑፍ ይመልከት፤ ፊደሎቹ ይጨፍራሉ። ቀጥሎ ቀዝቃዛ የብረት ማስመሪያ በሁለት የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ ከላሜራው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፣ በማስመሪያው ጀርባ ላይም አሻግሮ ያንኑ ጽሑፍ ያንብብ።