የአንድ ጥንድ ጫማ ሒሳብ

በጫማና በሳሙና ሊገታ የሚችል በሽታ ብዙ ሕዝብ ሲያሰናክል፣ ጥያቄው ከሐኪሞች ይልቅ ለበጀት አዘጋጆች ሊቀርብ ይገባል። ፖዶኮኒዮሲስ እንዲህ ያለ በሽታ ነው። በሕዝቡ ዘንድ «ዝሆኔ» ይባላል፤ ነገር ግን በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት የተለየና ከሰው ወደ ሰው የማይጋባ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ላይ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ሥሮችን ያውካሉ፤ እግርም ቀስ በቀስ ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባካሄደው ምርምር አፈሩን ተጠያቂ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ አንድ ዓይነት አፈር ከሚረግጡ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን እንደሚተርፍ በከፊል አስረድቷል።

የኪሳራው መጠን ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ በወላይታ አንድ ታማሚ ከሥራ ቀናቱ 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር ገምቷል። መገለሉ፣ የፈረሰው እጮኝነት፣ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ ግን በዶላር ለመተመን ያስቸግራሉ።

ታዲያ ጫማው ለምን አይደረግም? የተለመደው መልስ ድህነት ነው፤ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ጫማ ያለው ገበሬ እንኳ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ አስቀምጦት በባዶ እግሩ ሊያርስ ይችላል። ይህ አላዋቂነት አይደለም። ጭቃ የሚይዘው ጫማ ሥራ ያጓትታል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ወጪው የዛሬ ነው፣ ጉዳቱ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚመጣ ነው። አንድ ጊዜ ያበጠ እግር ደግሞ ገበያ ላይ በሚገኝ ቁጥር አይገባም። ስለዚህ ጫማ እጅግ የሚያስፈልገው ሰው ጫማ ሊገዛ የማይችለው ሰው ይሆናል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት እግርን በየቀኑ መታጠብም ከወጥና ከእንስራ ጋር የሚሻማ ወጪ ነው።

ሕክምናው ውስብስብ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ፣ እጥበት፣ የቆዳ ቅባት፣ ማሰሪያ፣ እንቅስቃሴና ጫማ አንድ ላይ ሲሰጡ ታማሚውን በትኩሳትና በሕመም አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ቁጣ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቅነሳው አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ተአምር አይደለም። ለቀን ሠራተኛ ግን የዳኑ የሥራ ቀናት ናቸው።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልግስና ብዙ ጊዜ ያገለገለ ጫማ ሰብስቦ ወደ መላክ ያዘነብላል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ያበጠውን እግር አያገኘውም፣ የአካባቢውንም ጫማ ሰፊ ገበያ ያሳጣዋል። ይኸው ገንዘብ በወረዳ ከተማ ላለ ጫማ ሰፊ ትእዛዝ ቢሆን የታማሚውን እግር ለክቶ የሚሠራ ባለሙያ ያፈራል። መንግሥትም ቢሆን መንገዱ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እርከን የሚሠሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ አፈር ውስጥ ይውላሉ። በሽታውና ፕሮግራሙ በሚገናኙባቸው እንደ ወላይታ ባሉ ቦታዎች ጫማ እንደ አካፋና ዶማ የሥራ መሣሪያ ተቆጥሮ በጀት ሊያዝለት ይገባል። ነፃ ዕደላ ጥገኝነትን ያመጣል የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም፤ ዶማ ሲታደል ግን ይህን የሚል የለም።